«ሕዝቡ ተወያይቶበታል» ሲባል፦ የአቴንዳንስ ፊርማና የከተማ ፕላን

ጥያቄ

«በደቡብ ወሎ ከአንዲት ከተማ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች ነን። ቀበሌያችን ወደ ከተማው ክልል የገባው በቅርብ ዓመታት ሲሆን አብዛኞቻችን ዛሬም በእጃችን ያለው የገጠር መሬት ደብተር ነው። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን እየተከለሰ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ ስብሰባ ተጠራን፤ አቴንዳንስ ፈርመን ወጣን። ሰሞኑን በአንድ ወጣት ስልክ ላይ ባየነው ካርታ ከወንዙ ወዲህ ያለው መንደራችን በሙሉ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ በመካከሉም ሰፊ መንገድ ያልፋል። ስንጠይቅ ‹ሕዝቡ ተወያይቶበታል› ተባልን። ፊርማችን እንደ ስምምነት ይቆጠራል ወይ? ከዚህ ወዲያስ የእኛ ሐሳብ ምን ሊለውጥ ይችላል?»

ምላሽ

የተከበሩ ጠያቂ፣ አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥዎ። የአቴንዳንስ ፊርማ በስብሰባው መገኘትዎን እንጂ በፕላኑ መስማማትዎን አያስረዳም። ማን ምን እንዳለ፣ ምን እንደተጠየቀና ምን እንደተመለሰ የሚታወቀው በቃለ ጉባኤው ነው። ስለዚህ ነገ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቢሄዱ አስቀድመው የሚጠይቁት ሰነድ የሁለቱ ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ ይሁን፤ ካርታው ሁለተኛ ነው። ቃለ ጉባኤው «ተሰብሳቢው በቀረበው ፕላን ተስማምቷል» ብሎ የሚዘጋ ከሆነና በስብሰባው ላይ የተነሣ ተቃውሞ ካልሰፈረበት፣ ያንኑ በጽሑፍ ማስታወቅ የእናንተ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ሁለተኛው ነገር ፕላኑ ገና ረቂቅ መሆኑን ወይም በከተማው ምክር ቤት መጽደቁን ማረጋገጥ ነው፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ክብደቱ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ጊዜውን አጥብቄ የማነሣው በምክንያት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው፣ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት፣ ካሳ ስለሚከፈልበትና ተነሺዎች ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161፣ መሬት ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቀው በጸደቀ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ፣ በከተማ መዋቅራዊ ፕላን ወይም በልማት መሪ ዕቅድ ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ድንጋጌ ብዙ ሰው እንደ መከላከያ ያነበዋል፤ ማንም ባለሥልጣን ደስ ባለው ቀን ደስ ባለው ቦታ ችካል እንዳይተክል ስለሚያግድ በእርግጥም መከላከያ ነው። ነገር ግን ሌላም ትርጉም አለው፦ መዋቅራዊ ፕላኑ በጸደቀ ዕለት «ይህ ቦታ ለምን ይውላል?» የሚለው ጥያቄ አብዛኛው መልሱን አግኝቷል። ከዓመታት በኋላ የማስለቀቂያ ትእዛዝ ሲመጣ በቅሬታ ሰሚው ፊት የሚቀረው ክርክር በአመዛኙ የካሳው ልክ፣ የንብረቱ ቆጠራና የምትክ ቦታው ጉዳይ ይሆናል። በሥራ ዘመኔ የተመለከትኳቸው ቅሬታዎች ብዙዎቹ ምክንያታቸው የሚያሳምን፣ የመጡበት ሰዓት ግን ያለፈበት ነበሩ። ዶዘሩ ሲታይ የሚነሣ ሰው ካርታው ሲሳል ተኝቶ ነበር ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ካርታ እየተሳለ መሆኑን የነገረው የለም።

አሁን ስለ ፕላኑ ዓይነት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ሁለት ዓይነት የከተማ ፕላኖችን ይለያል። መዋቅራዊ ፕላን የሚባለው መላውን የከተማ ክልል የሚሸፍን፣ የከተማውን የዕድገት አቅጣጫ፣ ዋና ዋና የመሬት አጠቃቀም ምደባዎችን፣ የዋና መንገዶችንና የአገልግሎት መስጫዎችን አቀማመጥ፣ መልሶ የሚለሙ አካባቢዎችን የሚወስን ሲሆን የአገልግሎት ዘመኑ 10 ዓመት ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ ከዚያ ሥር ሆኖ የአንድን ሠፈር ዝርዝር ያወጣል፤ የሕንፃ ከፍታ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ ለጋራ መጠቀሚያ የሚተዉ ክፍት ቦታዎችና የመሳሰሉት የሚወሰኑት እዚያ ነው። አዋጁ ከመሠረታዊ መርሆዎቹ አንዱ አድርጎ የሚያስቀምጠው የኅብረተሰቡን ፍላጎት በሕዝብ ተሳትፎ፣ በግልጽነትና በተጠያቂነት ማሟላትን ነው። ከዚህም በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ የሚነኳቸው የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ሲታቀዱና ሲፈጸሙ የመመካከር መብት እንዳላቸው አስፍሯል። እንግዲህ የተጠራችሁት በጽሕፈት ቤቱ ቸርነት ሳይሆን በሕግ ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። ከገጠር የመጣ ባለይዞታ ነገሩን በድምፅ ቆጠራ ሊያስበው ይችላል፤ ምክንያትም አለው። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 252 የተተካው የአማራ ክልል የ1998 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133፣ በአንድ ቀበሌ የመሬት ድልድል እንዲካሄድ ከባለይዞታዎቹ ከ80 በመቶ ያላነሱት እንዲስማሙ ይጠይቅ ነበር። የከተማ ፕላን ሕጉ ግን በእጅ ማውጣት አይሄድም። ሕዝብ ይመከራል፣ ባለሙያ ያመዛዝናል፣ ምክር ቤት ያጸድቃል። «ሁላችንም ተቃውመናል» የሚለው ቃል ብቻውን መስመር አያነሣም፤ መስመር የሚያነሣው ባለሙያው ያላየውንና መልስ ሊሰጥበት የሚገደድበትን ነገር ማሳየት ነው።

ወደ ካርታው ልምጣ፤ በስልክ የታየ ካርታ ብዙ ሰው አስደንግጧል። የመዋቅራዊ ፕላን ካርታ በተለምዶ በ1 ለ10,000 መስፈርት ይዘጋጃል። ይህ ማለት በወረቀቱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር የሆነው ነገር በመሬት ላይ 10 ሜትር ነው፤ የእስክሪብቶ ጫፍ ያህል ውፍረት ያላት መስመር ብቻዋን የአንድን ቤት ግማሽ ትሸፍናለች። በዚያ ላይ ካርታው ፎቶ ተነሥቶ፣ ተቆርጦ፣ ተጨምቆ ሲዞር የትኛው ቤት ከመስመሩ ወዲህ የትኛውስ ወዲያ እንደሆነ ከስልክ ላይ መለየት አይቻልም። ጎረቤታሞች በፎቶ ላይ ተጣልተው፣ አንዱ በርካሽ ሸጦ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ዋናው ካርታ ሲታይ ግን መንገዱ የእርሱን ይዞታ ጭራሽ አይነካም ነበር። ስለዚህ የፕላኑን ካርታ በሙሉ መጠኑ፣ ከማብራሪያ ጽሑፉ ጋር ይጠይቁ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ከመንግሥት አካላት መረጃ የመጠየቅን መብት ያረጋግጣል፤ ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ በመዝገብ ቤት ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ቀን ይያዝ።

የማብራሪያ ጽሑፉን አጥብቄ የጠየቅሁት በአረንጓዴው ቀለም ምክንያት ነው። ቢጫ ለመኖሪያ፣ ቀይ ለንግድ፣ ወይን ጠጅ ለኢንዱስትሪ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ አረንጓዴ ግን የብዙ ነገር ስም ነው። የወንዝ ዳር መከለያ፣ ደን፣ መናፈሻ፣ የስፖርት ሜዳ፣ የከተማ ግብርና፣ መቃብር ሁሉ በአረንጓዴ ይገባሉ። «የከተማ ግብርና» ተብሎ የተመደበ ቦታ ላይ እርሻዎን ይቀጥላሉ፤ «መናፈሻ» ከተባለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከቀለሙ ሥር ያለውን የምደባ ስም ሳያውቁ መቃወምም መደገፍም ከንቱ ድካም ነው።

ሌላም ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። በአገራችን የከተማ ፕላን መስፈርት መሠረት ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲሆን ይጠበቃል። መስፈርቱን በመርህ ደረጃ አልነቅፈውም። ነገር ግን መሐል ከተማው ቀድሞ በቤት ተሞልቶ እያለ ይህን ቁጥር ማሟላት ግዴታ ሲሆን፣ የአረንጓዴው ድርሻ ቤት ወዳልበዛበት ወደ ዳር ይገፋል፤ ዳር ያለው ደግሞ የገበሬ ማሳና የቅርብ ጊዜ መንደር ነው። እንደ ባለሙያ የምነግርዎ፣ ይህን መጠየቅ ፍጹም ተገቢ መሆኑን ነው፦ የአረንጓዴው ድርሻ በከተማው ክፍሎች መካከል እንዴት ተከፋፈለ? ከእኛ ቦታ የተመደበው በመሬቱ ባሕርይ ነው ወይስ የመሐሉን ጉድለት ለመሙላት ነው? ይህ ጥያቄ በጽሑፍ ከገባ የፕላን ቡድኑ በቁጥር መልስ መስጠት ይኖርበታል።

ለወሎ ሰው ሕዝብ ያልተማከረበት አረንጓዴ ምን እንደሚሆን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ በደቡብና በሰሜን ወሎ በምግብ ለሥራ ስንት ተራራ እርከን ተሠራለት፣ ስንቱ ተዳፋት ከከብትና ከሰው ንክኪ ተከለለ፣ ስንት ችግኝ ተተከለ። የሥራው መጠን ግዙፍ ነበር፤ ዓላማውም ትክክል ነበር። ግን ግጦሹ ለምን እንደተዘጋ፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭደው፣ ዛፉ ሲደርስ የማን እንደሆነ ያማከረው አልነበረም፤ ትእዛዝ ወርዶ ተፈጸመ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ጠባቂው ሲጠፋ በብዙ ቦታ ዛፉ ተቆረጠ፣ የተከለለው ቦታ ተደፈረ፣ እርከኑ ፈረሰ። በኋላ በተፋሰስ ልማት ሥራ ነዋሪው ኮሚቴውን ራሱ መርጦ፣ ሣር የሚታጨድበትንና ንብ የሚቀመጥበትን ደንብ ራሱ አውጥቶ የከለላቸው ተዳፋቶች ከዚያ የተሻለ ዕድሜ አግኝተዋል። የእናንተን መንደር አረንጓዴ ያደረገው ባለሙያ ይህን ታሪክ ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ፤ ካላወቀም በስብሰባ ላይ ማስታወስ ነውር የለውም።

በጎ ምሳሌም ከዚሁ ከወሎ አለ። በክልሉ የገጠር መሬት ምዝገባ ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ደሴ ዙሪያ ወረዳ ያለው ገራዶ ነበር። በምዝገባው ነዋሪው የቀበሌውን የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ መረጠ፤ ማሳው ሲለካ ድንበርተኛው ቆሞ ወሰኑን አመለከተ፤ ውጤቱ ስህተት ያለበት እንዲናገር በይፋ ለሕዝብ ተገለጠ፤ ደብተሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእጃችሁ ያለው ደብተር የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው። የገጠሩ ሥራ የድንበርተኛን ምስክርነት እንደ ዋና ማስረጃ ሲቆጥር የከተማ ፕላን ሥራችን ከሳተላይት ምስል ጀምሮ በአዳራሽ ገለጻ ማለቁ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ፕላነር በአንድ ሳምንት የመስክ ጉብኝት የማያገኘውን ነገር ድንበርተኛ በአንድ ጠዋት ያሳያል።

ምን ዓይነት ነገር? ከራሴ ገጠመኝ አንዱን ልንገርዎ። በአንዲት የወሎ ከተማ የከብት ገበያውን ከመሐል ወደ ዳር ለማዛወር ሜዳማ፣ ሰፊ፣ ለመንገድ የቀረበ ቦታ መርጠን ነበር፤ በካርታ ላይ እንከን አልነበረውም። ረቂቁን ስናቀርብ አንዲት እናት፣ ከኋላ ወንበር፣ «ልጆቼ፣ ይህ ሜዳ እኮ በነሐሴ ሜዳ አይደለም» አሉ። በማግስቱ አብረናቸው ወጣን። ጎርፍ ያስቀመጠው ደለልና ጠጠር ከሣሩ ሥር ነበር፤ እኛ በመጋቢት ስላየነው ደረቅ መስሎን ነበር። ቦታው ተለወጠ። እናቲቱ ሕግ አልጠቀሱም፣ አልተቆጡም፤ የሚያውቁትን ተናገሩ፣ የሚሰማም ተገኘ። ያ ስብሰባ የተሳካው ደግሞ ከእነ እርሳቸው ጋር በተደረገ ሁለተኛ ጥሪ ነው፤ የመጀመሪያው የተጠራው በገበያ ቀን ስለነበር ሴቶች አንድም አልመጡም።

እናንተም እንዲህ ያለውን ነገር አሰባስቡ። ምንጩ የት ይፈልቃል፣ በክረምት ውኃው በየት ይወርዳል፣ መሬቱ የሚሸሸው የቱ ጋ ነው፣ ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበት መንገድ፣ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት ድልድይ፣ መስጊዱ፣ ጠበሉ፣ የሁለቱም ሃይማኖት መቃብሮች። ይህን በእጅ በተሳለ ንድፍ ማስቀመጥ ይበቃል፤ ውበት አያስፈልገውም። በዚህ ሥራ ከማንኛውም ኮሚቴ የተሻለ አቅም ያለው ቅሬያችሁ፣ በሌላው አገር ዕድር የሚባለው፣ ነው። ቅሬ የአባላቱን ስም ያውቃል፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ሰው የሚሰበሰብበት ቀን አለው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚገኝበት ቅሬም ጥቂት አይደለም፤ ቃለ ጉባኤ መያዝም ልማዱ ነው። ቀበሌው የጠራውን ስብሰባ ከመጠበቅ ይልቅ በቅሬ ተነጋግሮ በአንድ ሐሳብ መቅረብ ይሻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ የቅሬ አባልነት ብዙ ጊዜ በአባወራ ስም ስለሆነ ሴቶች፣ ተከራዮችና መሬት የሌላቸው ወጣቶች በዚያም ይዘለላሉ። ተከራይ ብዙ ጊዜ በፕላን ለውጥ ካሳ ሳያገኝ የሚፈናቀል ሰው ነው፤ ሐሳቡ ካልተጠየቀ ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው። እነዚህን ለይታችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ደብዳቤው። በአንድ ገጽ ተኩል ያልበለጠ፣ ለፕላን ዝግጅቱ ኃላፊ የተጻፈ፣ ለከተማው ምክር ቤት ግልባጭ የተደረገ ይሁን። የምትቃወሙትን በአንድ አንቀጽ፣ ምክንያቱን ከንድፉ ጋር በሁለት፣ የምታቀርቡትን አማራጭ በአንድ አንቀጽ አስፍሩ። አማራጭ የሌለው ተቃውሞ በባለሙያ ዘንድ ክብደቱ እንደሚቀንስ ከልምድ አውቃለሁ፤ አንድ አማራጭ ግን፣ ፍጹም ባይሆንም እንኳ፣ ውይይት ያስከፍታል። ለምክር ቤት አባሎቻችሁም በአካል ንገሯቸው፤ የሚያጸድቁት እነርሱ ናቸው፤ አብዛኞቹም ካርታ ማንበብ የሚማሩት በድምፅ አሰጣጡ ዕለት ነው። የደብዳቤውንና የደብተሮቻችሁን ቅጂ በየቤታችሁ አስቀምጡ። በ2014ቱ ጦርነት በወሎ ከተሞች የወደሙ መዝገብ ቤቶችን ያየ ሰው ይህን ምክር ሁለት ጊዜ እንዲነገረው አይፈልግም።

ፕላኑ ጸድቆ ቢገኝስ? ነገሩ ይከብዳል እንጂ አያልቅም። ፕላን የመሬቱን አጠቃቀም ይወስናል እንጂ በራሱ ይዞታ አያስለቅቅም፤ ማስለቀቅ የራሱ ውሳኔ፣ የራሱ ምክክር፣ የራሱ ካሳና የራሱ ቅሬታ ማቅረቢያ አለው። የአካባቢ ልማት ፕላን ገና ካልተሠራም ሁለተኛ በር ክፍት ነው፤ የመከለያው ስፋት፣ የውስጥ መንገዱ አቅጣጫ፣ ነባሩ መንደር ተሻሽሎ የሚቆይበት መንገድ በዚያ ሊታይ ይችላል። ለመልሶ ማልማት በተከለለ ቦታ ነባር ባለይዞታዎች በግል ወይም በጋራ ሆነው ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ እንዳላቸውም አዋጅ ቁጥር 1161 ይናገራል፤ ይህን ድንጋጌ የሚጠቀምበት ሰው ጥቂት ነው።

ደስ የማይል ነገርም መናገር አለብኝ። በመንደራችሁ ለወንዙ የቀረቡት ቤቶች ምናልባት በእውነት መኖሪያ ሊሆኑ አይገባም። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ቦርከናን በመሐሏ ይዛ እንደተቀመጠችው ሁሉ ብዙዎቹ የደጋው ወሎ ከተሞች ገደል ከላይ፣ ወንዝ ከታች ያላቸው ናቸው፤ የመሬት መንሸራተትና የደራሽ ውኃ አደጋ የፕላነር ሰበብ አይደለም። በዚህ ረገድ ሁሉንም ቤት በአንድ ድምፅ መከላከል ለሌሎቹ ያላችሁን ጠንካራ ክርክር ያሳጣችኋል። ለአደጋ የተጋለጡትን ራሳችሁ ለይታችሁ ብታመለክቱ፣ ለእነርሱም በዚያው ቀበሌ ምትክ እንዲፈለግ ብትጠይቁ፣ ስለ ቀረው መንደር የምትናገሩት ይታመናል። ቅሬው መካከል ጭቅጭቅ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ሆኖም ጭቅጭቁን ባለሙያ ፊት ከማድረግ በቤት ውስጥ መጨረስ ይሻላል።

መንገዱን በሚመለከት ከሁሉም ቀላሉ ነገር ይቀራችኋል። በመዋቅራዊ ፕላን ላይ ያለ መንገድ መነሻና መድረሻው በአብዛኛው ጽኑ ነው፤ በመካከል ያለው ጉዞው ግን የመሬቱን አቀማመጥ በቅርብ ሳያዩ የተሳለ ሊሆን ይችላል። የፕላን ቡድኑ ባለሙያና ቀያሹ ከእናንተ ጋር መስመሩን በእግር እንዲሄዱበት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሽማግሌ፣ እናት፣ ወጣት አብረው ይሂዱ፤ መስመሩ መቃብር፣ ምንጭ ወይም የሚሸሽ መሬት በነካበት ሁሉ ቆማችሁ አሳዩ፣ በዕለቱም አጭር ቃለ ጉባኤ ተይዞ ሁሉም ይፈርምበት። ባለሙያው ቀን ሲቆርጥላችሁ የገበያ ቀን አለመሆኑን አረጋግጡ።